ወጣቱ ፖለቲከኛ ከየት ይምጣ?

በኢትዮጵያ ሕግ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ይመርጣል፤ 21 ዓመት የሞላው ደግሞ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀር መወዳደር ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የናይጄሪያ ወጣቶች «ለመወዳደር ልጆች አይደለንም» ብለው ዓመታት የፈጀ ዘመቻ ካካሄዱ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሙሐመዱ ቡሃሪ እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረሙት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚጠየቀውን ዕድሜ ከ30 ወደ 25፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚጠየቀውን ደግሞ ከ40 ወደ 35 ነው ያወረደው። እነሱ ታግለው ያገኙት ገደብ እንኳ እኛ ዘንድ ያለ ብዙ ጫጫታ ከተደነገገው በአራት ዓመት ይበልጣል።

እንግዲህ መሰናክሉ ዕድሜ ቢሆን ኖሮ ምክር ቤቶቻችን በወጣት በተሞሉ ነበር። ከሕዝባችን ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከ30 ዓመት በታች ነው። በየምርጫው ሰሞን ወጣቱ ሰልፍ ያደምቃል፣ ፖስተር ይለጥፋል፣ ቲሸርት ለብሶ ይጨፍራል፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ይሟገታል። ዕጩዎች ሲዘረዘሩ ግን ስሙ እምብዛም አይገኝም፤ ቢገኝም ፓርቲው እንደማያሸንፍበት በሚያውቀው የምርጫ ክልል ነው።

የዚህን ምክንያት ሰዎች ብዙ ቦታ ይፈልጉታል። ወጣቱ ፖለቲካ ሸሽቷል የሚል አለ፤ ባህላችን ሽማግሌ እንጂ ልጅ አይሰማም የሚል አለ፤ የትምህርት ጥራት ወደቀ የሚልም አለ። ለእኔ ዋናው ነገር ሌላ ነው። ዕጩውን የሚያወጣውም የሚያወርደውም መራጩ ስላልሆነ፣ ወጣቱ ፖለቲከኛ ወደ መራጩ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። መራጩም ወጣቱን የሚያይበት፣ የሚፈትንበትና የሚያሳድግበት ቦታ የለውም። ስለ ወጣት ፖለቲከኞች፣ ስለ መራጩ ኃላፊነትና ስለ ምርጫ ሕግ ማሻሻያ የሚነሱት ሦስት ክርክሮች ሥራቸው አንድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ኢትዮጵያ ወጣት መሪ አጥታ አታውቅም። ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሲባሉ 24 ዓመታቸው ነበር። በ1966 ዓ.ም. የተሰባሰቡት የደርግ አባላት ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ማዕረግ ያላቸው፣ አብዛኞቹም በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ የነበሩ ናቸው። መለስ ዜናዊ ግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ 36 ዓመታቸው ነበር። ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 2010 ዓ.ም. ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ 41። ከእነዚህ አንዳቸውም ግን መጀመሪያ ወደ ሥልጣን ሲመጡ መራጭ አልመረጣቸውም። አንዱን መኳንንት መከሩበት፣ ሌሎቹን ካምፕ አሰባሰባቸው፣ ሌላውን ጦርነት አመጣው፣ የመጨረሻውን የፓርቲ ምክር ቤት ድምፅ ሰጠበት። ሰው ደግሞ መልስ የሚሰጠው ላወጣው ነው። መኳንንት ያወጣው መኳንንትን፣ ጠመንጃ ያወጣው ጠመንጃን፣ ፓርቲ ያወጣው ፓርቲን ይፈራል። ወጣትነት ብቻውን ይህን አይለውጠውም፤ ትናንት ወጣት የነበሩት መሪዎቻችን የኋላ ኋላ ለወጣቱ በሩን ሲዘጉ አይተናል።

ድምፅ መስጠት ራሱ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ በ1950 ዓ.ም. ሲካሄድ፣ መራጭ 21፣ ተመራጭ 25 ዓመት የሞላው መሆን ነበረበት። ተመራጩ በአካባቢው ንብረት ያለውም መሆን ነበረበት። ፓርቲ የሚባል አልነበረም። መሬት የሌለው፣ ከተማ ገብቶ የሚማር የጭሰኛ ልጅ በዚህ በር አይገባም። የጭሰኝነትን ግንኙነት ለማሻሻል የቀረበው ረቂቅ ሕግ ባለመሬቶች በበዙበት ፓርላማ ተንጠልጥሎ ሲቀር፣ ተማሪው የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ፓርላማው ሊሰማው ያልቻለውን ጥያቄ መንገድ ላይ ጮኸበት ማለት ነው። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ተገደለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም የኢትዮጵያ ቤተሰብ ያውቀዋል። ቀይ ሽብር የበላው ያን ትውልድ ነው። ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶችና አባቶች «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» ማለታቸው ከፍርሃት በላይ ነው፤ ከሬሳ የተማሩት ነው። ዛሬ አንድ የ23 ዓመት ልጅ ለወረዳ ምክር ቤት ልወዳደር ቢል መጀመሪያ የሚያለቅሱት እናቱ ናቸው። ወጣቱን ፖለቲካ ሸሸ ብሎ የሚወቅስ ሰው ይህን ለቅሶ ሊያስታውስ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ጥላ ለአንድ ሰሞን የወጣነው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የነበረ ሰው የቴሌቪዥን ክርክሮቹን አይረሳም። ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥኑን ወደ በር ያዞራል፣ መንገደኛው ቆሞ ይሰማል፣ ታክሲው ውስጥ ሬዲዮው ድምፁ ከፍ ይላል፣ ስለ መሬት ፖሊሲ ሆነ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ የተባለው በማግስቱ ሥራ ቦታ ላይ ይደገማል። ሚኒስትር ከተቃዋሚ እኩል ተቀምጦ ሲጠየቅና ላቡን ሲጠርግ ማየት ለአገራችን ሰው አዲስ ነበር። ግንቦት 7 ቀን መራጩ ሌሊት ተነስቶ ተሰለፈ። የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት ከአዲስ አበባ 23 የፓርላማ ወንበሮች ሁሉንም፣ ከ138 የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን ወሰደ። በአገር ደረጃ በታወጀው ውጤት ገዢው ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109 ወንበር አገኙ።

ከዚያ ውጤቱ አጨቃጨቀ፤ ሰኔና ጥቅምት ላይ ደም ፈሰሰ። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን ከደረሰባቸው ሟቾች 193ቱ ሰላማዊ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ያኔ የተቃዋሚው መሪዎች ፓርላማ እንግባ አንግባ በሚል ተከፋፍለው፣ አብዛኞቹ ሳይገቡ ቀርተው ታሰሩ። እስከ ዛሬ በዚህ ውሳኔ ሰው ይከራከራል። እኔ የመንግሥትን የኃይል እርምጃ ከዚህ ውሳኔ ጋር እኩል አላስቀምጥም፤ ተኩሶ የገደለና ወንበሩን ያልያዘ ሰው አንድ አይደሉም። ግን መራጩ አንድ ጊዜ በሙሉ ልቡ ሰጥቶ ወኪሉን ሳያይ መቅረቱ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመረጠው የ18 ዓመት ልጅ፣ ድምፅ መስጠት ዋጋ እንዳለው ከማስተማር ይልቅ ተቃራኒውን አስተምሯል።

ገዢው ፓርቲ ከ1997 የወሰደው ትምህርት ደግሞ ከታች መጀመር ነበር። በ2000 ዓ.ም. የቀበሌና የወረዳ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ፣ በመላ አገሪቱ ለ3.6 ሚሊዮን ያህል ወንበሮች ምርጫ ተካሄደ። ከሞላ ጎደል ሁሉንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። ያን ያህል ዕጩ ለማቅረብ አቅም ያለው ሌላ ፓርቲ አልነበረም። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ተደረገ። ከዚያ ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ የቀበሌና የወረዳ ምርጫ አልተካሄደም። በ2010 ይካሄድ የነበረው ተራዘመ፤ እንደተራዘመም ቀረ።

ብዙ ሰው የዚህን ክብደት አያየውም፤ የትኩረታችን ሁሉ መድረሻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነውና። ፖለቲከኛ የሚወለደው ግን ቀበሌ ውስጥ ነው። የተቋረጠው የውኃ መስመር መቼ ይጠገናል፣ የወጣቶች መዝናኛ ተብሎ የተከለለው ቦታ እንዴት መጋዘን ሆነ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር በጀት የት ገባ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ስለምን አያገኝም የሚሉ ጥያቄዎች ያሉት እዚያ ነው። አንድ የ22 ዓመት ወጣት እዚያ ሁለት ዓመት ቢያገለግል መራጩ ሐቀኛ መሆኑን ወይም ሌባ መሆኑን በዓይኑ ያያል። ስብሰባ መምራት፣ በጀት ማንበብ፣ ተሸንፎ ተቃዋሚን ማክበር የሚለመደው እዚያ ነው። የኢትዮጵያ ወጣት ይህ ሁሉ ቀርቶበት፣ የመጀመሪያ ፈተናው ለፌዴራል ፓርላማ መወዳደር ይሆናል። አንድ መቶ ሺህ ሕዝብ ባለበት የምርጫ ክልል፣ ስሙን ማንም ሳያውቀው፣ ያለ ገንዘብና ያለ መኪና። ይህ በእግሩ ያልቆመን ሕፃን ሩጫ እንደማወዳደር ነው።

መንግሥት ወጣቱን አልረሳውም፤ የያዘው ግን በሌላ መልክ ነው። ሊግ አለ፣ ፎረም አለ፣ ማኅበር አለ፣ ብድር አለ። በ2009 ዓ.ም. በአገሪቱ ከተነሳው የወጣቶች ተቃውሞ ማግስት ለወጣቶች 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ። በመሠረቱ ክፉ ነገር አይደለም። ግን ወጣቱ እዚህ ሁሉ ላይ የሚታየው እንደ ተጠቃሚ ነው፤ ሰልጣኝ፣ ተበዳሪ፣ ተደራጅ። ወሳኝ የሚሆንበት ወንበር የለውም። በሊግ ውስጥ የሚያድግ ወጣት ደግሞ ማንን ማስደሰት እንዳለበት ቶሎ ይገባዋል፤ የሚያሳድገው ከላይ ያለው ሰው ነው።

በሌላ ወገን የተሞከረም አለ። ሰማያዊ ፓርቲ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ሲመሠረት የወጣቶች ፓርቲ ተብሎ ነበር፤ ግንቦት 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያካሄደው ሰልፍ ከ1997 ወዲህ ለተቃዋሚ የተፈቀደ የመጀመሪያው ትልቅ ሰልፍ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመሠረተው አብን አመራሩ በአብዛኛው ወጣት ነበር። ኢዜማ በ2011 ዓ.ም. ሲመሠረት መዋቅሩን በምርጫ ክልል ላይ ማድረጉ፣ ማለትም አባሉ ከራሱ ወረዳ እንዲጀምር መሞከሩ፣ ለእኔ ከሁሉም ብልህ ሐሳብ ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ፣ ውጤታቸው ከታወቀ 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን ሲወስድ፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። አብንን ወክለው ከገቡት ወጣቶች አንዱ ክርስቲያን ታደለ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ታሰረ። ምክር ቤት ገብቶ የሚናገር ወጣት መጨረሻው እስር ቤት ከሆነ፣ ከኋላው ያለው ወጣት ምን እንደሚማር መገመት አያዳግትም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤቱ አባል የሚመረጠው በአንድ የምርጫ ክልል ካሉት ተወዳዳሪዎች አብላጫውን ድምፅ በማግኘት ነው ይላል። አብላጫ ማለት ከግማሽ በላይ ማለት አይደለም፤ ከሌሎቹ ይበልጥ ማለት ብቻ ነው። እንበል አምስት ዕጩዎች ቀርበው አንዱ 30 በመቶ ቢያገኝና ሌሎቹ ከዚያ በታች ቢሆኑ፣ 70 በመቶው ያልፈለገው ሰው ገባ ማለት ነው። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ወሰዱ፤ ከአንድ የግል ተወዳዳሪ በስተቀር የተቃዋሚው ድምፅ በመድረክ ስም ከአዲስ አበባ በገቡት በአቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ተወክሎ አምስት ዓመት ኖረ። በ2007 ዓ.ም. ያቺም አንዲት ወንበር ጠፋች። ለእነዚህ ውጤቶች ከምርጫ ሥርዓቱ በፊት የሚጠቀሱ ጫናዎች ነበሩ፤ እስሩ፣ ማስፈራራቱ፣ «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት። ግን ሥርዓቱም ጫናውን አጎላው። የተቃዋሚ መራጭ በየቦታው ተበትኖ በመቶ ሺዎች ቢቆጠርም በአንዱም ወረዳ ካልቀደመ ዜሮ ነው። ፓርቲዎች ደግሞ እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ዕጩ ሲመርጡ የሚሹት ገንዘብ ያለውን፣ ስሙ የታወቀውን፣ በጎሣና በአገር ልጅነት የሚያሸንፈውን ነው፤ ወጣት ለማቅረብ ድፍረት አያገኙም።

ሌሶቶን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1998 በተካሄደው ምርጫ የአገሪቱ ገዢ ፓርቲ 60 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ80 ወንበሮች 79ኙን ወሰደ። የቀረው 40 በመቶ መራጭ አንድ ወንበር ብቻ ቢቀረው ዋና ከተማዋ ማሴሩ ተቃጠለች፤ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦር እስኪገባ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ተቀምጠው ተደራድረው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቅይጥ ተመጣጣኝ ሥርዓት አመጡ፤ 80 ወንበር በምርጫ ክልል፣ 40 ደግሞ የድምፅ ድርሻን ለማስተካከል። ያኔም ገዢው ፓርቲ ከምርጫ ክልሎች አብዛኞቹን ቢያሸንፍም፣ ዋናው ተቃዋሚ በማካካሻው 21 ወንበር አግኝቶ ፓርላማ ተቀመጠ። ከተማው አልነደደም። ብዙም ሳይቆይ ግን ትልልቆቹ ፓርቲዎች በሌላ ስም የሚንቀሳቀሱ ተጣማሪዎች አበጅተው ሥርዓቱን ለማታለል ሞከሩ፤ የሕግ ማሻሻያ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ጥበቃ ይፈልጋል።

እኛም ደጃፉ ደርሰን ነበር። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢሕአዴግና ከእሱ ጋር ሲደራደሩ የነበሩት ፓርቲዎች 80 በመቶውን በአብላጫ፣ 20 በመቶውን በተመጣጣኝ የሚያደርግ ቅይጥ ሥርዓት ላይ ተስማምተው ነበር። በዚያው ዓመት ከመጣው የመሪ ለውጥ በኋላ ተዘነጋ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ 1162 ብዙ መልካም ነገር ይዟል፤ ምርጫ ቦርድም በቀድሞዋ ዳኛና የፖለቲካ እስረኛ በወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ሰብሳቢነት ከበፊቱ የተሻለ እምነት አግኝቶ ነበር። አዋጁ ግን አንድ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት ከ1,500 ይልቅ 10,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል፤ ለክልል ፓርቲ 4,000። በየጓዳው የተፈለፈሉትን ፓርቲዎች ለመቀነስ የታሰበ ነው፤ ተገቢነቱ ይገባኛል። ሆኖም ለአዲስና ለወጣት እንቅስቃሴ ትልቅ ዳገት ነው። ወንበሮቹ የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ደግሞ እንዳለ ቀረ፤ አንቀጽ 54 ካልተነካ አይለወጥምና። የሚለውጠው በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ይሁንታ ነው። 410 ወንበር ያገኘ ፓርቲ ይህን ማድረግ ቢፈልግ አይቸግረውም።

ተመጣጣኝ ሥርዓት ለወጣት ጥሩ ነው የሚባለው ፓርቲው ዝርዝር ስለሚያቀርብ ነው። የቱኒዝያ የ2014 እ.ኤ.አ. የምርጫ ሕግ አራትና ከዚያ በላይ ወንበር ባለባቸው ክልሎች ከመጀመሪያዎቹ አራት ዕጩዎች አንዱ ከ35 ዓመት በታች እንዲሆን አስገድዶ ነበር። ብዙ ወጣት ገባ። ግን ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው የፓርቲው ሊቀ መንበር ከሆነ፣ ያ ወጣት የሚያገለግለው ሊቀ መንበሩን ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ በአባላት ምርጫ መውጣት፣ ወይም መራጩ ከዝርዝሩ ውስጥ ስም ለይቶ ምልክት የሚያደርግበት መሆን አለበት። ኡጋንዳ ሌላ መንገድ ሄዳ ለወጣቶች አምስት የፓርላማ ወንበር ለይታለች። ወንበር ተለይቶ መሰጠቱ ምስል ያሳምራል፤ ነገር ግን የሚመርጣቸው የወጣቶች ምክር ቤት ስለሆነ ገዢው ፓርቲ ይዟቸዋል የሚል ወቀሳ አይለያቸውም። እንዲህ ያለ ኮታ ለእኛ አይበጅም ባይ ነኝ፤ ሊግ በሌላ ስም ይሆናል።

ገንዘቡ ሌላ ጉዳይ ነው። ናይጄሪያ ዕድሜውን ካወረደች በኋላ ለ2023ቱ እ.ኤ.አ. ምርጫ ገዢው ፓርቲ ለፕሬዚዳንታዊ ዕጩነት መወዳደሪያ ፎርም ብቻ 100 ሚሊዮን ናይራ ጠየቀ። ዕድሜ ወርዶ ዋጋ ወጣ። በሌላ በኩል በኬንያ ሜሩ ውስጥ ኢጌምቤ ሳውዝ በሚባል የምርጫ ክልል ጆን ፖል ምዊሪጊ የሚባል የ23 ዓመት ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 በግል ተወዳድሮ ታዋቂ ተፎካካሪዎችን አሸነፈ። ሀብት አልነበረውም። በእግሩ ከቤት ቤት እየሄደ ነው የቀሰቀሰው። እንዲያሸንፍ ያደረገው ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ መኪና የሌለውን ልጅ በር ከፍተው ያስገቡት፣ ምን ልታደርግልን ነው ብለው የጠየቁት፣ ገንዘብ ከሚያድለው ይልቅ እሱን የመረጡት ናቸው። ለወጣት ፖለቲከኛ ከገንዘብ የሚበልጥ ሀብት እንዲህ ያለ መራጭ ነው።

ስለ መራጩ ኃላፊነት ስንናገር ብዙ ጊዜ ድምፅ መስጠት ላይ እናቆማለን። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በዝናብና በጭቃ መሐል ሰው ረጅም ሰልፍ ይዞ ቆሞ ነበር፤ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። አዛውንቶች ጋቢ ለብሰው ወንበር ይዘው መጥተው ተራቸውን ጠበቁ። በዚያ ትዕግሥት ላይ ሰው ሊሳለቅ አይችልም። የሚቀጥለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቆጠራው ሲያበቃ የጣቢያው ውጤት ሰነድ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ያ ወረቀት የመራጩ ማስረጃ ነው። ስንት ድምፅ እንደተሰጠ፣ ስንት እንደባከነ፣ ማን ስንት እንዳገኘ ይነግራል። ቢነበብ፣ ፎቶ ተነስቶ ቢቀመጥ፣ የበላይ አካል ካወጀው ድምር ጋር ቢመሳከር፣ ለቅሬታ ከማንኛውም ሰልፍ ይበልጥ ጉልበት አለው። ይህን ለመሥራት ዲግሪ አያስፈልግም፤ የሰፈር ወጣቶች በሁለት ቀን የሚጨርሱት ነው።

ከዚያም አምስት ዓመት አለ። ምክር ቤቱ በየዓመቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ 30 ይሰበሰባል፤ በመሐል የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ክረምቱንና ያንን ወር ተወካዮች ወደ መረጣቸው ሕዝብ ሄደው ይወያያሉ። በእነዚህ ስብሰባዎች ሕዝቡ ስለ መንገድና ስለ መብራት ይጠይቃል፤ አግባብ ነው። «በዚህ አዋጅ ላይ ድምፅ ስትሰጥ እጅህን ለምን አወጣህ?» የሚል ግን ጥቂት ነው። እንዲጠይቅም አስቸጋሪ ነው። ምክር ቤቱ በአብዛኛው እጅ በማውጣት ያጸድቃል፤ ለሕዝብ የሚነገረው በዚህን ያህል ተቃውሞና በዚህን ያህል ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ የሚል ቁጥር ነው። የማን እጅ እንደወጣ አይነገርም። እኔ እንደማስበው የምርጫ ሕግ ማሻሻያ የሚባለው ሁሉ ከዚህ ትንሽ ነገር ቢጀምር ብዙ ይለውጣል፤ እያንዳንዱ ተወካይ በስሙ ድምፁ ተመዝግቦ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ በተወካዩ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ጽፏል። መራጩ ወኪሉ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይህን መብት እንዴት ይጠቀምበት?

መራጩ ላይ ብዙ ሸክም መጫን ደግሞ ልክ አይደለም። ማዳበሪያውን፣ ብድሩን፣ የሴፍቲኔት እርዳታውን ከቀበሌ የሚጠብቅ አርሶ አደር ድምፁን በነፃነት እንዲሰጥ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነው አገልግሎቱና ፓርቲው ሲለያዩ ነው። ለምርጫ ካርድ ስምህን ስጥ ሲባል «ዝርዝር ይያዝብኛል» ብሎ የሚፈራ ሰው ሰነፍ ዜጋ አይደለም። በ2013 የመራጮች ምዝገባ በተለይ በአዲስ አበባ ቀዝቅዞ ደጋግሞ የተራዘመው በስንፍና ብቻ አልነበረም። በአማራና በኦሮሚያ ብዙ አካባቢዎች ደግሞ ወጣቱ ዛሬ ጫካ ነው፤ ወይም ጫካ ያለውን ለመዋጋት ተመልምሏል። ወላጆቹ ድምፅ መስጫ ጣቢያ ሄደው ይሰለፉ ብንል ሊሰሙን አይችሉም። ሰላም ከምርጫ ይቀድማል የሚሉ አሉ፤ ምርጫ ራሱ ሰላም ያመጣል የሚሉም አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ለሚከተለው ምክንያት ብቻ። ተሸናፊው ወጣት ነገ እንደገና የሚወዳደርበት ቦታ እንዳለው ካላመነ ጠመንጃውን አያስቀምጥም።

በውጭ የሚኖረው ወገናችን ድርሻም ቀላል አይደለም። የ1997ን የምርጫ ዘመቻ በገንዘብ የደገፉት ብዙዎች በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ዛሬም የወጣቱን የፖለቲካ ንግግር ከዚያ የሚመጣው ድምፅ ይመራዋል። የውጭ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቢጫ ካርድ ቢይዝም አይመርጥም፣ አይመረጥም። ለውጤቱ ዋጋ የሚከፍለው እዚህ ያለው ነውና ከሩቅ የሚጮኸው ሰው ይህን ልዩነት አስታውሶ ቢናገር መልካም ነው። የሚያዋጣውን ገንዘብ ደግሞ ለመሪዎች ዘመቻ ከመላክ በትውልድ ወረዳው ለሚወዳደር ሐቀኛ ወጣት ቢያውለው ይበልጥ ይጠቅማል።

ለ2018 ዓ.ም. በተያዘው ሰባተኛ ጠቅላላ ምርጫ ምርጫ ቦርድ የዲጂታል ምዝገባ ማስተዋወቁ፣ በአንድ ስም ሁለት ጊዜ መመዝገብን የሚያስቀር ከሆነ ጥሩ ነው። ግን ምዝገባው ዘመናዊ ሆኖ ዕጩዎቹ እነዚያው ከሆኑ ምን ተለወጠ? ቅይጥ ሥርዓቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ይጠይቃል፤ ያ ብዙ ንግግርና ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ክርክሩም ከአሁኑ መጀመር አለበት። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ግን ሕገ መንግሥት መነካትን አይጠይቅም። ሕጉ አለ፤ የጎደለው መርሐ ግብርና ፈቃደኝነት ነው። የቀበሌ ምክር ቤቱን 300 ሰው የሚያደርገውን አሠራር ትቶ፣ ሠላሳ ወይም አርባ ሰው ያለበት፣ በየወሩ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት የሆነ፣ በጀቱ በቀበሌው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ምክር ቤት ማቋቋም ይቻላል። በሰላማዊዎቹ ወረዳዎች መጀመር ይቻላል። ያኔ በ21 ዓመቱ ለቀበሌ የተመረጠ ልጅ በ26 ዓመቱ ለክልል ምክር ቤት ሲወዳደር ፖስተሩ ላይ የሚጽፈው ተስፋ አይሆንም፤ ያስጠገነው የውኃ መስመርና ያሳተመው የበጀት ሪፖርት ይሆናል፤ ካላስጠገነም መራጩ ያውቃል።